ያመጣ ዝም ይላል

ደንቡን ያረቀቀችው ራሷ ሚዛን ናት። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ከረጅሙ ጠረጴዛ መጨረሻ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን የውሃ ጠርሙሱ ላይ ተክላ ስትጠብቅ የምትወቅሰው ሰው አልነበራትም።

ሚዛን የወጣላት ስም ነው። ሠላሳ ዓመት የመድኃኒት ጥራት ላብራቶሪ ውስጥ ስትሠራ፣ አንድ ክኒን ከተጻፈበት ክብደት ቅንጣት ያህል ጎድሎ ከተገኘ ካርቶኑን በሙሉ የምትመልስ ሴት ስለነበረች ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው፤ በዚያው መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። በኋላ የራሷን ላብራቶሪ ከፍታ ሸጠች። ከሽያጩ ባገኘችው ገንዘብ አምስት አባላት ያሉት የባለሀብቶች ማኅበር ውስጥ ገባች። በንግዱ ዓለም «መልአክ ባለሀብት» የሚሏቸው ናቸው፤ ባንክ ፊት የሚነሳውን ጀማሪ ድርጅት ከገዛ ኪሳቸው ደግፈው ድርሻ የሚይዙ። ከአምስቱ አንዱ የሆነው ኮንትራክተር «መልአክ መባሌን ለሚስቴ ብነግራት፣ እስቲ ክንፍህን አሳየኝ አለችኝ» እያለ በየስብሰባው ይስቃል፤ ቀልዱን አሥር ጊዜ ቢደግመውም ለራሱ አይሰለቸውም።

ሚዛን ወደ ማኅበሩ ስትገባ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሴቶች የሚመሯቸውን ድርጅቶች እየፈለገች እንድታመጣ። ማንም አልተቃወማትም። በአራት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች አመጣች። የምታመጣበትም መንገድ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ወረቀት ከማየቷ በፊት ሴትየዋ የምትሠራበት ቦታ ሄዳ፣ ጥግ ይዛ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች። ሴትየዋ ስንቴ ዕቃ እንደወደቀባት፣ ስንቴ እንደሳቀች፣ ሠራተኛዋን በምን ድምፅ እንደተቆጣች ትጽፋለች። ከዚያ ነው «እሺ» ወይም «ይቅርታ» የምትለው።

ደንቡ የመጣው በኮንትራክተሩ ምክንያት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሚስቱን ወንድም ይዞ መጣ፤ ስለ ልጁ ሥራ ልጁ ራሱ የማይችለውን ንግግር አደረገ፤ ልጁ አፉን ሳይከፍት ተፈቀደለት። በዓመቱ ገንዘቡም ልጁም የውሃ ሽታ ሆኑ። በዚያ ሰሞን ነው ሚዛን አንድ ገጽ ጽፋ ያቀረበችው። አንድን ድርጅት ያመጣ አባል በውይይቱ ሰዓት አይናገርም፣ ድምፅም አይሰጥም፤ በዓይን፣ በእጅ ወይም በራስ ምልክት አያሳይም። ይህ ከተጣሰ የድርጅቱ ፋይል ለአንድ ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ዓመት ማንም አባል በግሉም ቢሆን አይነካውም። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ቀዳዳ ስለማትወድ ጨመረቻት። አባላቱ ደንቡን አሳጥረው «ያመጣ ዝም ይላል» አሉት። የፈረመው መጨረሻ ላይ ኮንትራክተሩ ነው፤ ሲፈርምም ቀና ብሎ አየት አደረጋት።

ዛሬ የምትቀርበው አሥረኛዋ ናት። ነርስ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ሠርታለች። በዘጠኙ ዓመት ሁሉ ያየችው አንድ ነገር ነው፤ የታማሚ ቤተሰብ አንገቱን አንጋጦ ግሉኮስ ሲጠብቅ። ከረጢቱ ማለቁን ማንም እንዳያመልጠው እናት፣ ሚስት፣ ወንድም ዓይኑን ሳይከድን ያድራል። ነርሷ አንድ መንጠቆ ሠራች። ከረጢቱ ሲንጠለጠልበት ክብደቱን ይይዛል፤ ፈሳሹ ሊያልቅ ሲል ሲቀልለው ይጮኻል። ይኸው ነው። በኪራይ ጋራዥ ውስጥ ከታናሽ እህቷ ጋር በእጃቸው እየበየዱ ይገጣጥሙታል። ሚዛን ያን ጋራዥ ሦስት ቀን ተቀምጣበታለች፤ ለሌላው አንድ ቀን ነው የምትሰጠው።

ነርሷ ሥራዋን ለቃለች። አንድ ሆስፒታል ለሦስት ቅርንጫፎቹ የሚሆን መንጠቆ በስድስት ወር ውስጥ እንድታስረክብ ጽፎላታል፤ ጋራዡ ግን በስድስት ወር የዚያን ሩብ አያወጣም። ማሽንና ሰው ካልጨመረች ትእዛዙ ይሄዳል፤ ትእዛዙ ከሄደ ጋራዡም ይዘጋል። ዛሬ እዚህ ጠረጴዛ ፊት የምትቆመው ለዚህ ነው።

ነርሷ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። ማኅበሩ እምቢ ካለ ሚዛን ሙሉውን ገንዘብ በግሏ ልታወጣ ወስናለች። ደንቡ ይፈቅዳል፤ ማኅበሩ አልተስማማም ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማንኛውም አባል በራሱ መግባት ይችላል። አልነገረቻትም። መውደቂያ ፍራሽ እንዳለላት ካወቀች በሙሉ ኃይሏ አትቆምም ብላ ሰጋች። ዝግጅት ላይ የነገረቻት አንድ ምክር ብቻ ነው፤ በሠላሳ ዓመት ያልሳተባት ምክር፤ «ጉድለቱን አስቀድሚ። ጉድለቱን ራስሽ ስትናገሪው ሰው ጥሩውን ያምንሻል።» ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ ነበር። ያ ክፍል ግን ላብራቶሪ አልነበረም።

«እሺ እህቴ፣ አሥር ደቂቃ አለሽ» አላት ሰብሳቢው፤ ጡረታ የወጣ የባንክ ሰው ነው፤ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ፊቱ አጋደመው።

ነርሷ የግሉኮስ ማቆሚያ ዘንግ ይዛ ነበር የገባችው። ውሃ የተሞላ ከረጢት መንጠቆው ላይ አንጠለጠለች። አንድ ጠብታ እንኳ አልፈሰሳትም፤ ሚዛን ይህን አየች፤ ደብተር ቢኖራት ትጽፈው ነበር።

«ከጉድለቱ ልጀምር» አለች ነርሷ። «አርባ መንጠቆ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ወር ሞከርን። ከእነዚያ ውስጥ ሰባቱ መጮህ ሲገባቸው አልጮኹም።»

ቀጥሎ የሚመጣውን ዐረፍተ ነገር ሚዛን በቃሏ ታውቀዋለች። ሰባቱም መንጠቆዎች ላይ ቤተሰብ የዕቃ ፌስታል ደርቦ አንጠልጥሎባቸው ነበር፤ ስለዚህ ክብደቱ አልቀነሰም። መንጠቆውን ሌላ ነገር እንዳይገባበት ዘግተን አሻሻልነው፤ ከዚያ ወዲህ በሁለት ወር አንድም አልሳተም።

«ሰባት?» አለ አስመጪው። የሕክምና ዕቃ ከውጭ የሚያስገባ፣ ከአባላቱ ሁሉ ገንዘብ ያለው እሱ ነው። «ሰባት ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ሰባት፣ ግን—»

«እኔ ከአርባ ቤት ሰባቱ ቢደረመስብኝ» አለ ኮንትራክተሩ «እዚህ አትጠሩኝም ነበር። ስንቅ ይዛችሁ ነበር የምትጠይቁኝ!»

ሳቁ። ነርሷም ሳቀች፤ በጨዋነት። ሳቁ ሲያልቅ ዐረፍተ ነገሩ አፏ ውስጥ አልነበረም። ሚዛን ጠርሙሱ ላይ እንዳፈጠጠች ምላሷን በጥርሷ ያዘች።

«ሰው ተጎዳ?» አለ ሰብሳቢው።

«ማንም አልተጎዳም። ነርሶች እየዞሩ ያዩ ነበር።»

«ነርሶች እየዞሩ ካዩ» አለ አራተኛው አባል፣ ሦስት መድኃኒት ቤት ያለውና ለመናገር ቀጠሮ የሚያስፈልገው ሰው «ታዲያ ደወሉ ለምን ያስፈልጋል?»

ነርሷ ፊቷን ወደ ኮንትራክተሩ አዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ታመው ተኝተው ያውቃሉ?»

«እኔ? የሐሞት ጠጠር። ድንጋይ ስከምር ኖሬ ድንጋይ ሆዴ ገባ።»

«ማን ነበር ግሉኮሱን የሚጠብቅልዎ?»

«ባለቤቴ ናታ።»

«ተኝታ ነበር?»

«ምን ትተኛለች! አራት ቀን። እስከ ዛሬ በተጣላን ቁጥር ታነሣብኛለች፤ ‹ያኔ በተኛሁ ኖሮ› ትለኛለች።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ መድኃኒት ቤት ያለውም ሳይቀር። ይቺ ናት፤ ጋራዥ ውስጥ ያየኋት ሴት ይቺ ናት አለች ሚዛን በልቧ። ነርሷ በረታች። የሆስፒታሉን ደብዳቤ አወጣች፤ የእህቷን የብየዳ ሥራ አስረዳች፤ ከከረጢቱ ውሃውን አፈሰሰችና ሊያልቅ ሲል መንጠቆው ጮኸ፤ ኮንትራክተሩ «በሉ ሚስቴ ተኛች!» አለ።

አስመጪው ግን አልሳቀም። እስክሪብቶውን በሁለት ጣቱ እያሽከረከረ ይጠብቅ ነበር።

«ደስ ይላል» አለ። «እኔ ግን ከሰባቱ አልወጣሁም።»

«አዎ፣ የሰባቱን ምክንያት—»

«ምክንያቱማ ግልጽ ነው፣ እህቴ። ጋራዥ ነው። በእጅ የሚበየድ ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም። ጥፋት አላልኩሽም። ፋብሪካ ይፈልጋል ነው የምልሽ።»

ሚዛን ቆጠረች። ነርሷ ሰባት ካለች በኋላ አራት ጥያቄ ተጠይቃለች። «ለምን አልጮኹም?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ማወቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ አስመጪው ደግሞ ሞኝ አይደለም። ሰባቱ እንደ ሰባት እንዲቀሩለት ይፈልጋል።

«እኔ የማቀርበው ይሄ ነው» አለ አስመጪው ወረቀት ገልብጦ። «ከመቶ ስልሳው ለእኔ። ዕቃው ውጭ አገር፣ እኔ በማውቀው ፋብሪካ ይመረታል። ሥራ አስኪያጁ ልጄ ይሆናል፤ እዚያው የተማረ ነው፣ ፋብሪካውን ያውቀዋል። አንቺ የቴክኒክ አማካሪ። ደመወዝ አለሽ፣ ድርሻም አለሽ። የሆስፒታሉን ትእዛዝ በሦስት ወር እናደርሳለን። ስምሽ መንጠቆው ላይ ቢጻፍ እንኳ ቅር አይለኝም።»

«እህቴስ?» አለች ነርሷ።

«እህትሽ ምን?»

«የምትበይደው።»

«እሱን ልጄ ያየዋል።»

ሰብሳቢው ወደ ሌሎቹ ዞረ። ኮንትራክተሩ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ለብቻው አይገባም፣ አስመጪው ከገባ ግን ትንሽ ይከተላል። መድኃኒት ቤት ያለው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም እንዲሁ። ሰብሳቢው የሰዓቱን ማሰሪያ እያስተካከለ ተናገረ።

«እንግዲህ ምርጫው ያንቺ ነው። ይህንን ከተቀበልሽ ዛሬውኑ እንፈራረማለን። ካልተቀበልሽ ማኅበሩ አልተስማማም ተብሎ ይጻፋል፤ በሰላም እንለያያለን።»

አልተስማማም ተብሎ ይጻፍ። ሚዛን ይህን ቃል ከጥርሷ ጀርባ ይዛዋለች። አንድ ቃል ነው። እምቢ በያቸው፤ በዚህ በር ስትወጪ ገንዘቡ እጄ ላይ ነው፤ ጋራዡ ያንቺ ነው፣ እህትሽ ትበይዳለች፣ ማንም አይመጣብሽም።

«ትንሽ ላስብ» አለች ነርሷ።

«አስቢ።»

ነርሷ አሰበች ማለት ፊቷን ወደ ጠረጴዛው መጨረሻ፣ ወደ ሚዛን አዞረች ማለት ነው። ዓይኗን ከሌላው ሰው ሁሉ አንሥታ እሷ ላይ ተከለችው። ጋራዥ ውስጥ ሦስት ቀን ጥግ ይዛ የተቀመጠችውን ሴት፣ አንዲት ብሎን ስትወድቅ የምትጽፈውን፣ አሁን መልሱን ከፊቷ ላይ ልታነብ ፈለገች።

ሚዛን ራሷን መነቅነቅ ከሰው ልጅ እንቅስቃሴ ሁሉ ቀላሉ እንደሆነ በዚያች ሰዓት አወቀች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አንገቷ ሊጀምረው ሲል ተሰማት፤ ጅማቷ ተገተረ። ከማዶ ኮንትራክተሩ እያያት ነበር። በክፋት አይደለም፤ ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው በሚያይበት ዓይን ነው። ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የማኅበሩ ጸሐፊ እስክሪብቶም ከወረቀቱ ላይ ተነሥታ ቆማለች። ቅንድቧ ብትንቀሳቀስ ፋይሉ ይዘጋል። ማኅበሩ ብቻ አይደለም የሚርቀው፣ የእሷም እጅ አብሮ ይታሰራል፤ ሆስፒታሉ ዓመት አይጠብቅም።

የነርሷን ፊት ካየሁ እምቢታው ያመልጠኛል ብላ ሰጋች። ስለዚህ ዓይኗን ከነርሷ ላይ ነቀለች። አንገቷን ደፋች፤ የራሷን ጉልበትና የራሷን እጆች አየች።

የነርሷ ትንፋሽ እስከ ጠረጴዛው መጨረሻ ተሰማ።

«እሺ» አለች። «እቀበላለሁ።»

ሚዛን ቀና አላለችም። ቀና ብትል ምን ትፈይዳለች? ጆሮዋ ግን ሁሉን ይሰማል፤ ወንበር ሲገፋ፣ አስመጪው «ጎበዝ፣ ብልህ ልጅ ነሽ» ሲል፣ ወረቀት ሲገለበጥ። ሰብሳቢው የመነሻ ስምምነቱን ጮክ ብሎ አነበበው። አንድ ገጽ ነው። አራተኛው ነጥብ እንዲህ ይል ነበር፤ ባለሐሳቧ ለአንድ ዓመት ከሌላ ከማንኛውም ወገን ጋር ስለዚህ ሥራ አትደራደርም። ነርሷ የፈረመችው ቆማ፣ ሌላውን እጇን የግሉኮሱ ዘንግ ላይ እንዳደረገች ነው።

ሰዎቹ ተነሥተው እጅ ሲጨባበጡ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ይዛ ወደ ሚዛን መጣች። ከታች የተለመደችው መስመር አለች፤ ያመጣው አባል እንዳልተናገረ፣ ምልክትም እንዳልሰጠ የሚያረጋግጥበት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ሚዛን መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

«ባልፈርምስ?» አለች ዝግ ብላ።

ጸሐፊዋ የቀለደች መስሏት ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፊቷን አይታ ፈገግታዋን ሰበሰበች። «ካልፈረሙ... ምልክት ሰጥተዋል ማለት ነው። ስምምነቱ ይፈርሳል።»

«ከፈረሰ በኋላ እኔ በግሌ ብገባስ?»

«አይ እንግዲህ፣ እርስዎ ራስዎ የጻፉት እኮ ነው። ዓመት ሙሉ ለማንም ዝግ ነው። ለእርስዎም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምልክት ሰጥተው ነበር እንዴ?»

ሚዛን በፈረሰ ስምምነትና በተፈረመ ስምምነት መካከል ያለውን ልዩነት መዘነች። በተፈረመው ነርሷ ደመወዝ አላት፤ በፈረሰው ምንም የላትም። ሦስተኛ አልነበረም። ሦስተኛው ከአምስት ደቂቃ በፊት ነበር።

«አልሰጠሁም» አለችና ፈረመች።

ኮንትራክተሩ ኮቱን እየለበሰ መጥቶ ትከሻዋን መታ አደረጋት። «ዛሬስ አከበርኩሽ፣ ሚዛን። እውነቴን ነው። እኔ ብሆን ይሄኔ ሦስቴ አስነጥሼ፣ አራቴ ስዬ ነበር። አንቺ እቴ፣ ሐውልት!»

«እሺ» አለች ሚዛን።

ነርሷ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀቻት ነበር። ከረጢቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች፤ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ ዘንጉን ታጣጥፋለች። «አዎ አልኩሽ... አገኘን... ሁሉንም ስመጣ... አይዞሽ፣ አንቺንም እናያለን ብለዋል... እሺ፣ እሺ፣ እትዬ መጡ፣ ቻው።» ስልኩን ዘጋች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ የደስታ ይሁን የሌላ ሚዛን መለየት አቃታት፤ የምታየውን መለየት ያቃታት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ምን አድርጌ?»

«አውቃለሁ፣ መናገር አይፈቀድልዎትም። ግን ረዱኝ።» ነርሷ ዘንጉን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቀረበቻት። «እኔ እኮ እምቢ ልል ነበር። እምቢ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ እርስዎን አየሁ። ሌላ መንገድ ቢኖር ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። አንገትዎን ሲደፉ ገባኝ፤ ‹ልጄ፣ ሌላ የለም፣ ዋጥ አድርጊያት› ያሉኝ መሰለኝ። ከእርስዎ ሌላ ሰው ቢሆን አላምነውም ነበር። እርስዎ ግን አይሳሳቱም።»

በኮሪደሩ ጫፍ አስመጪው ለልጁ ስልክ እየደወለ ያልፋል። ሚዛን እስኪያልፍ ጠበቀች፤ እንዳይሰማት ፈርታ አይደለም፣ ጊዜ ስለፈለገች ነው።

«ስለ ፌስታሉ እንኳ ሳልነግራቸው ቀረሁ» አለች ነርሷ። «አፌ ውስጥ ነበር እኮ፤ ሲስቁ ጠፋብኝ። አሁን ምን ያደርጋል።» አቀረቀረች፤ ከዚያ እንደገና ቀና አለች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አሁን ስላለቀ ይንገሩኝ፤ ለራሴ እንዲወጣልኝ ነው። እምቢ ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ ሰው ነበር? የሚገባልኝ?»

ሚዛን በሕይወቷ ሚዛኑ ያላለውን ቁጥር ጽፋ አታውቅም። አለቃዋ ሲለምናት አልጻፈችም፤ የገዛ ላብራቶሪዋ ሊዘጋ ሲል አልጻፈችም። እውነቱ አጭር ነው፤ አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ብትነግራት ነርሷ ዓመቱን ሙሉ የአስመጪውን ልጅ ፊት ባየች ቁጥር ይህችን ኮሪደር ታያለች። ወረቀቱ ተፈርሟል፤ አራተኛው ነጥብ አለ፤ እውነቱ የሚከፍትላት በር የለም።

ነርሷ ትጠብቃለች። መልሱን አሁንም ከፊቷ ላይ ልታነብ ነው፤ አሁን ግን አንገት መድፋት አይሆንም።

«አልነበረም» አለች ሚዛን ቀጥ ብላ እያየቻት። «ማንም አልነበረም።»

ነርሷ ትከሻዋ ወረደ፤ ሸክም እንደሚወርድ። «ተመስገን» አለች። «እኔስ ምናልባት ብዬ... ተመስገን።» ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ቦርሳዋን በአንድ እጇ፣ የስምምነቱን ቅጂ በሌላው ያዘች። «ቅዳሜ ልጁ ጋራዡን ሊያይ ይመጣል። እህቴ ከአሁኑ ፈርታለች። እርስዎ ከጎናችን ቢቀመጡ ደስ ይለናል፤ ዝም ብለው እንኳ ቢሆን።»

«እመጣለሁ።»

መውጫው የመስታወት በር ከባድ ነው፤ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ የነርሷ ሁለት እጆች ደግሞ ተይዘዋል። ሚዛን ቀድማ ሄዳ ጎትታ ያዘችላት። ነርሷ ዘንጉ መስታወቱን እንዳይነካ አጎንብሳ፣ እያመሰገነች አለፈች። ደረጃውን ወርዳ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ሰው መሃል እስክትገባ ድረስ ሚዛን በሩን እንደያዘች ቆመች። ከኋላዋ ሌሎች ሊወጡ የመጡ ሰዎች ለእነሱ የከፈተችላቸው መስሏቸው «እናመሰግናለን» እያሉ በአጠገቧ ያልፉ ነበር።